የማይካፈሉት ክኒን

መጀመሪያ የደማው ድዱ ነው። ባለቤቴ መምህር አያሌው ጥርሱን ሲፍቅ ደም ይተፋል። የጥርስ ነው ብለን አስነቀልነው፤ እኔም «ይኸው ተገላገልን» አልኩ። ምን ያደርጋል! ደሙ ሦስት ቀን አልቆም አለ። ከዚያ ትኩሳት። ከዚያ እግሩ ላይ ብልዝ። ከቢቸና አዲስ አበባ ወሰድኩት።

ከአጥንቱ መቅኔ ቀዱ። አኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ አሉን። የደም ካንሰር። ኬሞቴራፒ ተጀመረ፤ ጂኑም ተመረመረ። ፍሊት ስሪ የሚባለው ጂን ተቀይሮ ስለተገኘ፣ ለእሱ የሚሆን ሚዶስታውሪን የሚባል ክኒን ተጨመረለት።

ከወራት በኋላ መቅኔው ጸድቶ፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ክኒኑን እየዋጠ፣ እኔ እያስታወስኩት እሱም «አንቺ ደግሞ አለቃ ሆንሽብኝ!» እያለ፣ ቤታችን ተመለስን። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ብከፍት ካስቀመጥነው ክኒን አንድ ካርቶን የለም።

«ለሰይድ ከሰጠሁት ሦስት ሳምንቴ» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሰይድ ሞጣ ጨርቅ የሚነግድ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ እሱም ክኒኑን በተሰጠው ሰሞን የደም ካንሰር አለብህ፣ አዲስ አበባ ሄደህ ታከም ተብሎ ነበር። «የያዘን አንድ በሽታ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

«ይሄ እህል ነው እንዴ? አንተ ሰው፣ ልታሳብደኝ ነው!»

ለሐኪሙ ደወልኩ።

«የበሽታው ስም አንድ ቢሆንም የሚቀየረው ጂን ከሰው ሰው ይለያያል» አሉኝ። «ጓደኛው ሳይመረመሩ አይዋጡት። ባለቤትዎም አንድ ቀን እንዳያቋርጡ።»

በማግስቱ በጉንደ ወይን በኩል ሞጣ ሄድኩ። ሰይድ ክኒኑን አብቃቅቶ እየዋጠ አዲስ አበባ መሄዱን ትቶታል።

«መድኃኒቱ ቤቴ ድረስ ከመጣልኝ ምን ያንከራትተኛል?» አለኝ።

ለምኜም፣ ጮኼም ላክሁት። ተመረመረ። ፍሊት ስሪው አልተቀየረም። የእሱ የተቀየረው ጂን ሌላ ነው። ኬሞውን ሳይጨርስ ሞተ።

ለቅሶ ስደርስ ሚስቱ ሐኪሙ ያሉትን ነገረችኝ፦ «ምነው ከሦስት ሳምንት በፊት በመጣችሁ!» ይህን ለአያሌው አልነገርኩትም። እዚህ ካነበበው እንግዲህ ምን አደርጋለሁ! በደግነቱ ስናደድበት እኖራለሁ፤ ሲያለቅስ ደግሞ አንጀቴ አይችልም።

አያሌው ዛሬ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ተመስገን። የጎደለውን ክኒን ሮጠው የተኩልንን ሐኪሞች እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ግን ስሙኝ፤ ለታመመ ወዳጃችሁ ክኒን አታካፍሉት። እጁን ይዛችሁ አስመርምሩት።