የአባቴ እጅና የጉድጓዳችን ውኃ

ዛሬ ጠዋት የውኃ ባለሙያው የጉድጓዳችንን የምርመራ ውጤት ነገረኝ።

ሮቤ ያለው የወላጆቼ ግቢ ጉድጓድ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን በዝቶበታል። «ለዓመታት ከተጠጣ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል። ማፍላትም አያስወግደውም፣ እማማ» አለኝ።

ጉድጓዱን በጃንሆይ ዘመን ያስቆፈረው አባቴ ነው። ጎባ ጸሐፊ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ማማር በከተማው ይወራ ነበር። ውኃው ነጭ ሸሚዙን ሲያጠቁርበት ሳሙናውን ይራገም ነበር።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ጠጪ ሆኗል» ተባለ። ከሥራ ወጣ፤ ወዳጆቹም እግራቸውን ሰበሰቡ።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ብቻ «ወላሂ፣ አረቄ ሸትቶኝ አያውቅም» ይሉ ነበር።

እኔ አላመንኳቸውም። አንድ ቀን «አባባ፣ እባክዎ መጠጡን ይተዉ» አልኩት። አፍልቶ ያቀዘቀዘውን ውኃ አንስቶ ጠጣ።

ስለ አባቴ እጅ ስጠይቀው ባለሙያው «በእርግጠኝነት በዚህ ነው ማለት አልችልም» ብሏል። ይሁን። ግን ይቅርታ የምጠይቀው አባቴም፣ የምነግራቸው አዴ ፋጡማም የሉም። ስለዚህ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

ልብስ የሚያጠቁር ጉድጓድ ያላችሁ፣ አስመርምሩ።

እናንተስ፣ እውነቱን ዘግይታችሁ ያወቃችሁለት ሰው አለ? ጻፉልኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።