ጉንዳኖች የጎበኙት ስዕል

ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ፤ ስዕሎቼ በከተማችን የወጣቶች አዳራሽ ሊሰቀሉ ነው! ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ጨፈርኩ። ከዚያ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ የመጀመሪያው ስዕል የተሠራው አምና፣ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ እስር ክፍል ውስጥ ነውና።

ያስያዘኝ እጄ ነው። ትምህርት ቤታችን አጥር ላይ መፈክር ተጽፎ ባደረበት ዕለት ጣቶቼ ጥቁር ነበሩ። ስዕል ስሞክር ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ፖሊሶች የሴቶች ክፍል አስገቡኝ። የሲሚንቶ ወለል፣ የተነጠፈ የቡና ጆንያ፣ ጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል መስኮት። ጥግ ላይ መሬቴን አልለቅም ብለው የታሰሩ፣ ከጌጫ ከተማ የመጡ እናት ተቀምጠዋል። ጣቶቼን አይተው ሳቁ።

"አንቺስ ማስረጃሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው!"

እጄ ግን ሥራ መፍታት አልቻለም። ሻይ ከሚያመጡልን ማንቆርቆሪያ ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ፤ በውሃ በጠበጥኩት። ስንቄ የታሰረበትን የእንሰት ቃጫ ጫፉን አኝኬ ብሩሽ አደረግሁት። የሳሙና ካርቶን ላይ ሳስኬደው አማረ፤ ሲደርቅ ግን ተራገፈ። እማማ ከስንቃቸው ማር ጠብ አደረጉበት።

"ማር የነካው አይለቅም፣ ልጄ።"

ያዘ! ቁጭ ብዬ አልሆነልኝም፤ ቆምኩ፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ ክንዴን ከትከሻዬ ጀምሬ ወረወርኩት። መስመሩ ወፍሮ ጀመረ፤ እየሳሳ፣ ቃጫው ሲደርቅበት እየተሰነጣጠቀ ሄደ። ዛፍ አይደለም፣ ሰው አይደለም። የክንዴ መንገድ ነው። ማሩ በዝቶ ኖሮ የመጀመሪያ ተመልካቾቼ ጉንዳኖች ሆኑ፤ ተሰልፈው መጡ።

ጠባቂው ጉንዳኖቹን ተከትሎ ካርቶኑን አገኘ።

"ምንድን ነው የጻፍሽው? ለማን ነው?"

"ጽሑፍ አይደለም፣ ጋሼ። ስዕል ነው።"

"የምን ስዕል?"

"የምንም።"

ፊቱ ተኮሳተረ። በማግስቱ መርማሪው ፊት ልቀርብ ነበር፤ ካርቶኑ የሚስጥር ጽሑፍ ከተባለ መፈታት የለም። እማማ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"ዛፍ ነው በይውና ተገላገይ!"

አፌ እምቢ አለ። ዛፍ ካልሆነ ዛፍ አይደለማ።

"ጽሑፍ ቢሆን እንዳለ ደግሜ እጽፈው ነበር" አልኩት። "እስቲ ያስደግሙኝና ይዩ።"

ካርቶኑን ገልብጦ ሰጠኝ። ክንዴን ወረወርኩ፤ ሌላ መስመር መጣ። "ድገሚ!" አለ፤ ደገምኩ፤ አሁንም ሌላ። አጎንብሶ አስተያያቸው።

"እውነትም አይመሳሰሉም።"

"አጥሩ ላይ ያለው ግን ይነበባል አሉ" አሉ እማማ። "አንተም ሳታነበው አልቀረህም!"

ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካርቶኑን መለሰልኝ። "ማሩን ቀንሺ፤ ጉንዳን ፈጀን" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ መርማሪው ስለ ካርቶኑ አንድ ቃል አላነሳም፤ በአጥሩ ጽሑፍም ማስረጃ አላገኘብኝም። ስፈታ ልብሴ ውስጥ አልሸሸግሁትም፤ በእጄ ይዤው፣ በዋናው በር ወጣሁ።

እማማም ከኔ በኋላ ተፈትተዋል፤ ዛሬም ማር የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን እውነተኛ ብሩሽ አለኝ፤ ግን እጄ ቃጫውን ይመርጣል፤ እንደ ልቡ ይሰነጠቃላ።

ቅዳሜ አዳራሹ ኑ። ምንድን ነው ብትሉኝ አሁንም "የምንም" ነው የምላችሁ። በሩ አጠገብ ባዶ ካርቶን፣ ቃጫና ጥላሸት ይጠብቃችኋል። ቆማችሁ፣ ክንዳችሁን ከትከሻችሁ ወርውሩት። ማሩን ግን እኔ ነኝ የማንጠባጥብላችሁ።