በራሱ የሚሠራ ሰው

ባሌ በሕይወት እያለ ድንኳን ተተክሎለታል። የሰፈራችን እድር በትጋት አይታማም። ጅጅጋ ውስጥ እኛ ክርስቲያኖቹ ብዙ አይደለንም፤ በወታደርነት የመጡት አያቶቻችን አንዳቸውም ያለ ቀባሪ እንዳይቀሩ ብለው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ከሆስፒታል ልብስ ልወስድለት ብቅ ስል ድንኳኑ ደጃችን ላይ ቆሟል፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ንፍሮ እያወጡ ነው። ደረታቸውን እየደቁ ወደ እኔ መጡ።

«አልሞተም» አልኳቸው።

ባሌ በያጅ ነው። የራሱን ማሽን ይዞ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ አለቃ ኖሮት አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። ከለውጡ በኋላ በከተማውም በአካባቢውም ግንባታ ሲጧጧፍ፣ አንድ ኮንትራክተር ሐርተሼክ ላይ የሚያሠራውን መጋዘን የጣሪያ ብረት ሰጠው። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ከሥሩ ከዳው። የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ለመጋዘኑ ሥራ ሲሚንቶ አራግፎ የሚመለስ አንድ ሶማሌ የአይሱዙ ሹፌር አንስቶ ወደ ጅጅጋ አመጣው፤ ሳንቲም አልጠየቀም። የመንገዱ አቧራ እንዳያፍነው ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖለታል። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ የእድራችን አባል ያየው እንዲህ ተሸፋፍኖ መኪናው ላይ ተጋድሞ ነው። ቆም ብሎ መጠየቅ የለ፤ በቀጥታ ወደ ጥሩንባ ነፊው ሮጠ።

አልሞተም ስላቸው «ተመስገን» አሉ፤ ክፋት የለባቸውም። ከዚያ ግን አልሄዱም። ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ሻዩ ፈልቷል። ተቀምጠው በሉ። የባሌን የእዝን ንፍሮ እየቆረጠሙ የከተማውን ወሬ ያወሩ ጀመር። ወንዶቹ ድንኳኑን ሲነቅሉ የእድሩ ጸሐፊ ወደ እህቴ ጠጋ ብሎ፣ ጠዋት ለቀብር ማስፈጸሚያ ብሎ የሰጣትን ገንዘብ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንፍሮ አልበላም።

ሐኪሙ ነገሩን በግልጽ ነገረኝ። እግሩ በብረት ካልተያዘ ይበላሻል፤ ብረቱ እዚህ አይገባም፣ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ውሰጂው፣ አትዘግዪ። አቅም ከየት ይምጣ? እኔ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። የሚያስቀው፣ በሥራ ላይ አደጋ ቢደርስብኝ ሕጉ ይንከባከበኛል። ከወንበሬ ብወድቅ እታከማለሁ፣ ደመወዜም አይቋረጥም። ሰማይ ጠቀስ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ እሳት የሚተፋው ባሌ ግን ማንም የለውም።

እሑድ የእድሩን ዳኛ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቄ ያዝኳቸው። በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ደንቡ ለሞት ነው» አሉኝ። «አያድርገውና እሱ ቢሞት ገንዘቡን አንድ ቀን አናሳድርብሽም ነበር።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው። ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉኝ። 

ኮንትራክተሩም ዓይኑን በጨው አጥቦ ሆስፒታል መጣ። በፌስታል ማንጎ ይዞ ባሌ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ነው፣ ከሠራተኛም በላይ ነው» አለኝ። «ኢንሹራንስ የገባሁት ግን በደመወዝ ለያዝኳቸው ነው። እሱ በራሱ የሚሠራ ሰው ነው፤ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ወደ ባሌ ዞረ። «ለቀረው ጣሪያ የምታውቀው ጎበዝ በያጅ አለ?»

ማንጎውን ሆስፒታሉ በር ላይ ለቆሙት ፍየሎች ጣልኩት። ፍየሎቹ ቢያንስ ወንድሜ ነው አላሉም።

ኢንሹራንስ ቢሮም ሄጃለሁ። ክራባት ያሰረ ትሑት ልጅ አስቀምጦ አስረዳኝ። ቀጣሪ ያለው በቀጣሪው በኩል ይሸፈናል፤ ቀጣሪ የሌለው የግል አደጋ መድን ራሱ መግዛት ይችላል አለኝ። ባለቤትሽ ለምን አልገዛም? ሲል ጠየቀኝ። እኔም መለስኩና ከእናንተ አንድ ሰው በያጆቹ መደዳ ብቅ ብሎ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኤጀንቶቻቸው በብዛት ተሽከርካሪ ላይ እንደሚሠሩ ነገረኝ። እውነቱን ነው። ባሌን ያመጣው አይሱዙ መድን አለው። ለአርብቶ አደሩ ከብት እንኳ የድርቅ መድን ጀምረዋል ይባላል። አልቀናሁም፤ ከብቱም ይዳን። 

ይህን ሁሉ ሲሰማ የከረመው የኮንትራክተሩ ፎርማን መላ ይዞ መጣ። «ከአይሱዙው ላይ ወደቀ በይ» አለኝ። «መኪና ሰው ሲጎዳ የመኪናው ኢንሹራንስ ይከፍላል፤ ምስክር እኔው እሆናለሁ።»

«ሹፌሩስ?»

«እሱ ጎሳ አለው፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ሰውን ከአቧራ የሸፈነ ሰው እስር ቤት ይግባልሽ ማለቱ ነው። አባረርኩት። እሱ ግን ወሬውን ቀድሞ በትኖት ኖሯል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሹፌሩ ጎሳ ሽማግሌዎች ሹፌሩን ይዘው ሆስፒታል መጡ። ሶማሌዎች ዘንድ አንዱ ሰው ከጎዳ ካሳው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ማግ ይሉታል፣ ጎሳው ሁሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ሹፌሩ መሬት መሬት ያያል። ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳሁላቸው። ሄና የተቀባ ጺም ያላቸው ትልቁ ሽማግሌ በአማርኛ ጀመሩ።

«እህቴ፣ ከልጃችን መኪና ሰው ወደቀ ሲሉ ሰማን። ልጁ አልወደቀም ይላል። እናንተ ወደቀ ካላችሁ ግን የኛ ነው። እንክሳለን። ለዚህ መጣን።»

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ባሌን አየሁት። የእግሩ ጣቶች ከፋሻው ወጥተው ጠቁረዋል። እሱም አየኝ፤ ከዚያ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«አደር» አላቸው፤ እዚህ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው። «ከመወጣጫ ነው የወደቅሁት። ልጃችሁ ያነሣኝ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ለሌሎቹ በሶማሊኛ አስረዱ። ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ።

«የመጋዘኑ ሰውዬስ?»

«የሱ ሠራተኛ አይደለሁም» አለ ባሌ።

«የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎችስ? ማኅበር አላችሁ አይደል?»

«እነሱ ለሞተ ሰው ነው» አልኩ እኔ።

ይህንንም ተረጎሙላቸው። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ጠየቁ።

«ታዲያ የዚህ ሰው ወገን ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አንድ ነሽ» አሉኝ። «አንድ ሰው ይህን አይችለውም።»

በክፋት አልተናገሩትም፤ ካየሁት ሰው ሁሉ እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፣ ሻያቸውን ጨርሰው ወጡ። ሹፌሩ ወደኋላ ቀርቶ የባሌን እጅ ሳመ።

እግሩ መሽተት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። የብየዳ ማሽኑን ሸጬ ባሌን ይዤ ተነሣሁ። አዲስ አበባ ሳንደርስ፣ ሐረር ላይ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።