ያልሞቀው ሞተር

በመኪና መመርመሪያ ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ሚዛን» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት አጠገቡ ቆማ ፍሬን የምትመረምረው ባልደረባው ናት። አንድ ቀን የገዛ አለቃቸውን መኪና «ጭሷ ከልክ በላይ ነው» ብሎ ሲመልስ አይታ፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ሰው አይደለም፣ ሚዛን ነው» አለች፤ ስሙም በዚያው ጸና። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመኪና ኋላ ቆሞ፣ የመለኪያውን ዘንግ ጭስ ማውጫው ውስጥ እየሰካ እየነቀለ፣ ማሽኑ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ሲያነብ ኖሯል። ለዘመድ አላደላም፤ ጠላቱንም አልበደለም። አማቱ መኪናቸውን ይዘው እስከመጡበት እስከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ማለቴ ነው።

አማቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሰፈሩ «መምህሩ» ይላቸዋል። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሰው ሲሳሳት ካላረሙ የማይተኙ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የፊደል ግድፈት ካዩ ገብተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሚዛን ልጃቸውን ለማግባት ቤታቸው በሄደበት ቀን፣ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ የእሳቸው ድምፅ በበሩ አልፎ መጣ። «አስተምሬ አስተምሬ ልጄን ለጭስ አሽታች ልስጥ?» ያን ቀን ያተረፈችው የእናትየዋ አፍ ናት። «ጭስ ቢያሸትስ? ሰው ነው፤ ዓይኑን አላየኸውም?» ብለው ተከራክረው ረቱ። ሚዛን የሰማውን ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለሚስቱ እንኳ። ዋጠው፤ ግን አልተፈጨለትም።

መምህሩ ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ሲመጣ ይነሱለታል፣ ጤናውን ይጠይቁታል፣ ልጆቹን ቁጭ አድርገው ያስጠኑለታል። ስለ ሥራው ግን በአሥራ አራት ዓመት አንድ ጊዜ ጠይቀውት አያውቁም። ስለ ሥራው የማይጠየቅ ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

ያን ማክሰኞ መምህሩ ከልጃቸው በሁለት ዓመት ብቻ የምታንሰውን አሮጌ መኪናቸውን ይዘው እንደ ማንኛውም ሰው ተሰለፉ። አማቼ እዚህ ነው ብለው አልደወሉ፣ አልተጣሩ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ሰልፉም ረጅም። ሌላው ሰው ሁሉ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። መምህሩ ግን «ከኋላዬ ያለው ሰው ምን አደረገኝና ጭስ አጠጣዋለሁ?» ብለው አጠፉት። ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ወርደው፣ አንድ እጃቸውን በመስኮት አስገብተው መሪውን ይዘው፣ በትከሻቸው ይገፏታል። እንዲህ እያደረጉ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ደረሱ። አስነስተው አሥር እርምጃ ነዱና ወረዱ።

ሚዛን እንደ ደንቡ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታች ተኝቷል።

የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር «ሞተሩ ይሙቅ» ነው የሚለው። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚኑን በቅጡ አያቃጥልም፤ ያላቃጠለውን በጭራው ይተፋዋል፤ ጤነኛዋም መኪና በሽተኛ መስላ ትታያለች። ሚዛን በቀን አርባ ጊዜ «አባት፣ ትንሽ ያሙቋት» የሚለው ለዚህ ነው። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው። መርፌውን አየው። ከዚያ ቀና ሲል በመስተዋቱ ውስጥ መምህሩን አያቸው፤ ከጎን ያለው የጭነት መኪና ጭሱን ሲለቀው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ማንም ያደርገዋል። እሱ ግን ያ የኮሪደሩ ቃል ትዝ አለው። ወረደና ዘንጉን ሰካ።

ቁጥሩ ከልኩ በጥቂቱ አለፈ። ማሽኑ ወረቀቱን አወጣ።

«አባባ፣ አላለፈችም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደ ተማሪ ፈተና አነበቡት። ሚዛን ክርክር ጠብቆ ነበር፤ እንዲያውም ተመኝቶ ነበር ማለት ይቻላል። ቢከራከሩት «ይቆዩ፣ ለካስ አልሞቀችም» ብሎ ይመለስ ነበር ብሎ በኋላ ራሱን ሊያጽናና ሞክሯል። መምህሩ ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። አሥራ አራት ዓመት ያላረፈ እጅ ነው።

«አማቴ ነው ብለህ አላለፍከኝም» አሉት። «ኮራሁብህ።»

አፉን ከፍቶ ነበር፤ «ኮራሁብህ» የምትለውን ቃል ሲሰማ ዘጋው። ፍሬን መርማሪዋ አጨበጨበች። በማግስቱ አለቃው በጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው፣ ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ፊት አነሳው። ሚዛን አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲያይ ሁሉም ትሕትና መሰላቸው።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መምህሩ ለፀጉር አስተካካያቸው፣ ለጎረቤት፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁሉ አወሩለት። «የኔ አማች እኔን ጣለኝ እኮ! እንዲህ ያለ ሰው አሥር ቢኖረን!» እሁድ ምሳ ላይ ከጎናቸው አስቀምጠው ስለ ሥራው ጠየቁት። ማሽኑ ጭሱን እንዴት ነው የሚቆጥረው? ናፍጣ ከቤንዚን በምን ይለያል? እሱም አስረዳቸው፤ በናፕኪን ላይ እየሣለ አስረዳቸው። ደስ አለው። እዚህ ላይ መዋሸት አይቻልም፤ እያፈረም ቢሆን ደስ አለው። ቤቱ ሲገባ ግን ምግቡን ሳይነካ ይተኛል።

«ምን ሆነሃል? ምግብ እኮ ዘጋህ» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«ምንም።»

«አባዬን ስለጣልከው ነው አይደል? ተው እንጂ! ሥራህ ነው። እሱ ራሱ ምን ያህል እንደተደሰተ አታይም?»

ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ።

ቂሙ ከመምህሩ ጋር ነበር፤ ዕዳው ግን እማማ ላይ ወደቀ። የሚስቱ እናት እማማ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒክ እየሄዱ እግራቸውን የሚያለማምዱ ሰው ናቸው። የሚኖሩት አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ መኪናዋ በሩ ሥር ድረስ ቀርባ ትጠብቃቸው ነበር። አሁን፣ ምርመራ ያላለፈች መኪና መንዳት ስለማይፈቀድ፣ ሁለት አውቶቡስ መያዝ አለባቸው። ታክሲ እንጥራ ሲባሉ «አውቶቡስ ገድሎኝ አያውቅም» ይላሉ። ይህን የሰማ ቀን ሚዛን ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ መጣ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ፤ አዝሎ አወረዳቸው፤ ሲመለሱም አዝሎ አወጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው አደረገው።

«እኔ አፈር ልብላልህ!» ይላሉ እማማ ጀርባው ላይ ሆነው። «ክፉ አይንካህ፣ ልጄ። ልጆችህ ባንተ ይውጡልህ። እንዳከበርከኝ ይክበሩልህ።»

«አሜን።»

«የእጅህን ይስጥህ።»

እዚህች ላይ ሁልጊዜ እርምጃውን ያፈጥናል። «አሜን» ይላል፤ ካላለ ምን ሆንክ ሊሉት ነዋ።

ነገሩን ሳይናገር ሊያቃናው መሞከሩ አልቀረም። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ እንደገና ያምጧት እስቲ። ልታልፍ ትችላለች» አላቸው።

መምህሩ ሳቁ። «ተው እንግዲህ! የእማማን ጉልበት አይተህ ልታዳላ አማረህ። ይገባኛል፤ አልፈርድብህም። ግን አንድ ጊዜ ቀጥ ብለህ ቆመህልኛል፤ በኔ የተነሳ እንድትጎብጥ አልፈልግም።»

«ማዳላት አይደለም፣ አባባ…»

«ባይሆን አንድ ነገር ልንገርህ?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንቅልፍ ነው የነሳኝ። በዚያች መኪና የሰፈሩን ልጆች ስንት ዓመት ትምህርት ቤት አደረስኩ። ረድቻቸው መስሎኝ፤ ለካስ መርዝ ነው ያጠጣኋቸው። ያ የላይኛው ቤት ልጅ ሲያስል ትዝ እያለኝ… ለብረት ገዢ ሰጥቻታለሁ። ፈታትቶ ይሽጣት። ቅዳሜ ይወስዳታል።»

ሚዛን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው እሱ በሠራው ኃጢአት ንስሐ እየገቡ ነው። ያኔውኑ መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። ነገ እላለሁ አለ። ነገም ሄደ፤ ከነገ ወዲያም። ሐሙስ እማማን አዘለ፤ ተመረቀ፤ አሜን አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ብረት ገዢው መጎተቻ መኪናውን ይዞ ሕንፃው ሥር ቆመ። እማማ መኪናዋን ልሰናበታት ብለው በሚዛን ጀርባ ወርደው መግቢያው ላይ ወንበር ተደርጎላቸዋል። መምህሩ ኮፈኗን በክንዳቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«አባባ፣ ቁልፉን አይስጡት።»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር» አለ። «ያን ቀን። ሰልፉ ላይ አጥፍተዋት ነበር። ሳትሞቅ መለካት አይቻልም፤ ክልክል ነው። እኔ ቀዝቃዛዋን ለካኋት። መኪናዋ ምንም የላትም፤ ማንንም አልመረዘችም።»

«ረስተህ ነዋ» አሉት መምህሩ፤ ድምፃቸው ርኅራኄ ነበረበት። «ሥራ ሲበዛ ሰው ይረሳል።»

እንዲህ ያለ በር ተከፍቶለት የማይገባ ሰው ጥቂት ነው። «አዎ፣ ረስቼ» ቢል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ሰሞኑን ግን ሲጨነቅ ከርሟል፤ ከዚህ ወዲያ የሚችልበት ሆድ አልነበረውም።

«አልረሳሁም። መርፌውን አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የሰካሁት።»

«ለምን?»

ነገራቸው። ኮሪደሩን ነገራቸው፣ በሩን፣ ቃሉን። ሲናገረው ለራሱም ትንሽ ሆኖ ተሰማው፤ አሥራ አራት ዓመት የተሸከመው ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። መምህሩ ግንባራቸውን አኮማትረው ከትዝታቸው ፈለጉት፤ ከልባቸው ነው የፈለጉት፤ አላገኙትም።

«እኔ? እንዲህ ብያለሁ?» ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ብለሃል» አሉ እማማ።

መምህሩ ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ብረት ገዢውን «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ፤ ይቅር በለን» ብለው ሸኙት፤ ሰውዬውም እያጉረመረመ ሄደ። ለሚዛን ያሉት ትንሽ ነው። «እኔ ያልኩት የሚያሳፍር ነው፤ አፍሬያለሁ። ሰኞ አሙቄ አመጣታለሁ። አንተ ግን አትለካትም፤ ያቺ ፍሬን የምትመረምረው ልጅ ትለካት።» ደግሞ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ስንቱ ሰው ጋ ነው አሁን እየዞርኩ የማስተካክለው» አሉ። ጮኸውበት ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሚዛን ወደ እማማ ሄደ። እንደ ወትሮው ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ። ጠበቀ። እጃቸው ትከሻው ላይ አላረፈም።

«ስምንት ጊዜ አወጣኸኝ» አሉት ከኋላው። ቁጣ የለበትም ድምፃቸው፤ የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። «ስምንቱንም ጊዜ መረቅኩህ። አንተም አሜን ትል ነበር።»

ከወንበራቸው በራሳቸው ተነሱ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ያዙና ጤነኛውን እግራቸውን አንደኛው ደረጃ ላይ አወጡ፤ ከዚያ ሌላውን ሳቡት። ሚዛን ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ቢወድቁ ለመያዝ እጆቹን ዘርግቶ፣ ሳይነካቸው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተከተላቸው።