በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ስኳር

ከማስተምርባት ከሰቆጣ የወጣሁት ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ከፃግብጂ በገበያተኛ «አሞኛልና መጥተሽ እዪኝ» ብላ ልካብኝ ነበር። እኔም የምነግራት ነገር ነበረኝ። ስኳር በሽታ እንዳለብኝና በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ እንደምወጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄያታለሁ። «መርፌውን ተዪና ጸበል ግቢ» ትለኛለች ብዬ እፈራ ነበር። አክስቴን እምቢ ብያት አላውቅም፤ መርፌውን ከተውኩ ደግሞ እንደምሞት ሐኪሙ አልደበቀኝም።

ጠዋት አንድ ሰዓት

መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ትንሽ ቅል ውስጥ ከተትኩት። ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያው ብቻ ነው፤ እሱም ነጭ ጋዝ ሲያልቅበት ከቁም ሳጥን አይሻልም። ለክፉ ቀን ደግሞ አንድ እፍኝ ስኳር፣ ሴቶች ሳንቲም እንደሚቋጥሩት፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

መርፌዬን ወግቼ፣ በሩን ዘግቼ ቁርሴን ጀመርኩ። በፍልሰታ ሕፃናት እንኳ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱም። መምህርቷ በጠዋት ሽሮ ስትጎርስ ከታየች ሰፈሩ ምን ይላል? ሦስቴ እንደጎረስኩ አከራዬ አንኳኳች። ሳህኑን አልጋ ሥር ገፋሁት። የሷ ወሬ መቼም አያልቅም፤ ስትወጣ መኪናው ሊሄድብኝ ሆነ። ቀሪውን ሳልበላ ሮጥኩ። የዚያን ቀን ጥፋቴ ይኸው ነው፤ መርፌ የወሰደ ሰው በቂ ምግብ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል።

እስከ አራት ሰዓት

በስድስት ብር አይሱዙ ላይ፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። መኪናው ከሚቆምበት በኋላ ያለው በእግር ነው። ቁልቁለቱን ስጀምር ዝናቡ መጣ። በለስ የበቀለበትን ዳገትና እርከኑን ሁሉ ጉም ዋጠው። እኔ ቅሉን በጉያዬ ይዤ ነጠላዬን ተከናነብኩ፤ ስለ ስኳሩ ትዝም አላለኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ወንዝ ዳር

ወንዙ ሞልቷል። ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። አንድ ቄስ «ላይ አገር ዘንቧል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሻገር የለም» አሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ!

ወዲያው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። የሰዎቹ ፊት ይደበዝዝብኝ ጀመር። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ስኳር የለም፤ ዝናቡ አሟሙቶታል። ጨርቁን አፌ ውስጥ ከትቼ መጥባት ጀመርኩ።

«ቡዳ በልቷታል» አለ አንዱ። «ጸበል የያዘ የለም?»

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ላስረዳቸው ብል ምላሴ ተሳሰረ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እያዘኑልኝ፣ ጸበል እየረጩኝ እጃቸው ላይ ልሞት ነው ብዬ ነው የፈራሁት።

በለስ በቅርጫት ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ አንዲት እናት አጠገቤ ተንበረከኩ። «ምንድን ነው የምትጠቢው?» ብለው የነጠላውን ጫፍ ከአፌ አወጡና በጾም አፋቸው ቀመሱት።

«ይጣፍጣል እኮ» አሉ ወደ ቄሱ ዞረው።

«ስኳር... በሽታ ነው» አልኩ እንደምንም። «ጣፋጭ ስጡኝ።»

በለሱን በቢላ ሰንጥቀው አጎረሱኝ። ቄሱ መስቀላቸውን መልሰው «ብዪ ልጄ፤ የታመመ አይጾምም» አሉ። ሰባት በላሁ።

ዓይኔ ሲጠራ ሴትዮዋ አሁንም አጠገቤ ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ በሽታሽ ውሃ ያስጠማል?» አሉኝ።

«መርፌ ካልወሰዱ አዎ፣ እናቴ። በጣም ያስጠማል።»

«ሽንትስ ያበዛል? ያከሳል?»

«አዎ።»

ቢላውን በቀሚሳቸው ሲጠርጉ ቆዩ። «የኔም ልጅ እንስራ ሙሉ ውሃ ጨልጦ ይጠጣ ነበር። ያደረበት መንፈስ ነው የሚጠጣው ብለው የአገሩ ሰዎች መከሩንና ውሃውን ከለከልነው። በሰባተኛው ቀን ሞተብኝ።»

ውሃው ሲጎድል እጄን ይዘው አሻገሩኝ፤ መንታ መንገዱ ላይ ተለያየን።

ማምሻውን፣ አክስቴ ቤት

አክስቴ ትኩሳቷ በርዶላት ደጅ ተቀምጣ አገኘኋት። ለመናገር ወኔ ያገኘሁት ስለ በለስ ሻጯና ስለ ሞተባቸው ልጅ በማውራት ነው፤ በዚያው ስለ ራሴም ነገርኳት። ጸበሉን ልታነሣ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ሴትዮዋን አውቃታለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለቅሶ ደርሻለሁ። ውሃ ከልክሉት ብለን ከመከርነው አንዷ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ። እሷ ጾመኛ ናት፤ ከፊቴ ግን ትኩስ ሽሮ አቅርባለች። «መጀመሪያ ውጊ፤ ልየው» አለችኝ። መርፌው ሲገባ ፊቷን አላዞረችም። ከዚያ የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክውጥ ከአጠገቤ አልተነሣችም።

በአራተኛው ቀን ሰቆጣ ገባሁ። አሁን ስኳሬን በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምቋጥረው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እጄ ወደ ነጠላዬ ጫፍ ይሄዳል። የተመለስኩ ለታ ማግስት ግን፣ ገና ጾሙ ሳይፈታ፣ ቁርሴን ያቀረብኩት በሩን ወለል አድርጌ ነው። አከራዬ ብቅ አለችና ሳህኑን አይታ ደነገጠች። «ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳትና ሳልጨርስ አልተነሣሁም።