ዕጢውን ብቻ የሚመታው ጨረር

አባቴ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ሽንት አስቸገራቸው። ጓሮ ወጥተው ይቆማሉ፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይመለሳሉ፤ ገና ሳይቀመጡ ደግሞ ይነሣሉ። እናቴ ሞታ ስለነበር የማስታምማቸው እኔ ነበርኩ፣ ከባሏ ተጣልታ የተመለሰች ልጃቸው።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን መጣ። ድሮ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ ለጣሊያኖች አስተርጓሚ ከሆነ ወዲህ ግን ባርኔጣውን አዘንብሎ ያሻው ቤት ዘው ይላል።

«ዶቶሬው፣ የጣሊያኑ ሐኪም፣ የጨረር መኪና አስመጥቷል» አለ፣ መኪናውን ራሱ የሠራው ይመስል። «የእርስዎ ዓይነቱ ሕመም ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ ሲያብጥ ነው። ጨረሩ እሱን ብቻ መርጦ ይመታል፤ ሌላውን ገላ አይነካም።»

«የት እንደሚያርፍ በምን ያውቃል?» አሉ አባቴ።

«ይታዘዛላ!»

«እኛ ሳንታዘዝላቸው ይህ መብረቃቸው ታዘዘላቸው?»

ቢሆንም ሕመሙ አሸነፋቸውና ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ እንኳ ፊታቸውን አላየም፤ የሚሸጥ በቅሎ እንደሚመረምር አገላበጣቸው። ከእምብርታቸው በታች በቀለም አራት ማዕዘን ከለለ። አገር ወስዶ አልበቃው ብሎ የአባቴን ሆድ ያካልል ጀመር።

መመላለስ ከጀመርን በኋላ አንድ ቀን ሐኪሙ መኮንኖች ይዞ ገባ። አባቴ ግማሽ ራቁታቸውን እንደተጋደሙ በዘንግ እያመለከተ ያስረዳቸዋል፤ አንዱ ፎቶ ያነሣል። አባቴ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ለበሱ።

«ልታከም መጣሁ እንጂ ልታይ አልመጣሁም» አሉ። ሊያስተረጉም አብሮ የቆመው ጎረቤታችን ይህን አልተረጎመውም።

ቤት ገብተን ሳይ ቆዳቸው ተልጧል። መርጦ ይመታል የተባለው ጨረር ወሰኑን አልፎ ጭናቸውን ጠብሷል፤ ከጌቶቹ ተምሮ ይሆናል። ቁስሉን ቅቤ እየቀባሁ አዳንኩት።

ከሳምንታት በኋላ ግን ሽንታቸው ያለ ችግር ይወርድ ጀመር። ጨረሩ አድኗቸው ይሁን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ትቷቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ተመስገን! ረድቶዎታል እኮ» አልኳቸው።

«ዝም በይ! ጣሊያኖቹ ከሰሙ እኔን ለማሳየት ይዘው በየአገሩ ነው የሚዞሩ።»

ጎረቤታችን ሊጠይቅ መጣ። «እንዴት ነው አባባ፣ ተሻለዎት?»

«ባሰብኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። እኔ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነከስኩ።

አባቴ ጠባሳቸውን ይዘው ብዙ ዘመን ኖሩ። ጎረቤታችንም ኖረ። ጣሊያን በወጣ ሰሞን ጎፈሬውን አሳድጎ «አርበኛ ነበርኩ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ያመኑትም ነበሩ።