ልጄን ላድን ሐይቅ የገባሁ ዕለት

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያልሰማ ካለ ከከተማ የወጣ ሰው ብቻ ነው። በምሠራበት ፋብሪካ እንድሪስ የሚለኝ ጠፍቷል፤ ስሜ «ካፒቴን» ሆኗል። ሰው የሚያውቀው ግን የሚያስቀውን ግማሽ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላኛው ግማሽ ስለሆነ፣ እስቲ ራሴው ከነሙሉው ልናገረው።

ልጄ ሀያት ደሴ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። የትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ አባል ናት፤ የግድግዳ ጋዜጣውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ቤት መጣችና «አባ፣ ሐይቅ ከተማ ለወጣቶች የጀልባ ሥልጠና አለ። እዚያው እያደርን ነው የምንሠለጥነው። ለጋዜጣዬም እጽፍበታለሁ» አለችኝ። ጀልባው ሞተር የለውም፤ ሸራው ንፋስ እየያዘ ነው የሚሄደው።

እናቷ ከድጃ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ብላ እምቢ አለች። ልጅቷ ትሂድ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ያልኩትን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዘመን ልጅ በፍርሃት አይታሰርም! እኔ ልጄን ጀግና አድርጌ ነው ያሳደግኋት።» ይህንኑ በሻይ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼም ደገምኩላቸው። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱ ላይም ፈረምኩ።

ሀያት ግን አባቷን ታውቃለች። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት ሲወስዳቸው፣ በሌላ ሚኒባስ ተከትዬ ሄጄ ጓደኞቿ ፊት ተይዣለሁ። ስለዚህ ስትነሳ በር ላይ ቆማ አስማለችኝ።

«እንደማትመጣ ንገረኝ።»

«ኢንሻላህ አልመጣም።»

«ኢንሻላህን ተውና ወላሂ በል።»

ወላሂ አልኩ። ምን ላድርግ፣ መኪናው እየጠበቃት ነው።

ጥቂት ቀን ቻልኩ። ሌሊት ግን ዓይኔ አልከደን አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር ልጄ ውሃ ውስጥ ናት። ከሥራ እረፍት በሆንኩበት ቀን ማልጄ ተነሳሁና ለከድጃ «ዛሬ ኦቨርታይም ገብቻለሁ» አልኳት። ጓዳ ገብታ የሀያትን ሹራብ በፌስታል ይዛ መጣችና እጄ ላይ አኖረችው።

«ኦቨርታይሙ ያለበት ቦታ ይበርዳል አሉ። ስጣት።»

የሐረጎን ዳገት በጉም ውስጥ ወጣን። ደሴ ላይ መኪና ቀይሬ ሐይቅ ከተማ ስደርስ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ሸንበቆ መሀል ገባሁ። ኮቴን ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ። ከሩቅ ላየኝ ሌባ ነው የምመስለው፤ ግን ልቤ ደህና ነበር፤ አይቻት ብቻ እመለሳለሁ ብያለሁ።

ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት የለበሱ ልጆች ውሃው ላይ አሉ። ኮቻቸው ከዳር ቆሞ ፊሽካ ይነፋል። ሀያትን በአረንጓዴ ሻሿ ለየኋት። ከአንዲት ልጅ ጋር ሆና አንዷን ጀልባ ወደ እኔ አቅጣጫ እየነዳች ትመጣለች። ሸራው ተነፍቷል። ገመዱን እንዴት እንደያዘችው ብታዩ! በኩራት እንባዬ መጣ። ኧረ እንዲያውም ወጥቼ ላጨብጭብ አምሮኝ ነበር።

ያኔ ፊሽካው ተነፋ፣ ጀልባዋ ጋደለች፣ ሸራው ውሃው ላይ ተዘረጋ። አረንጓዴው ሻሽ ጠፋ።

በኋላ እንደነገሩኝ ጀልባዋን የገለበጧት ሆን ብለው ነው። የዚያ ቀን ትምህርት የተገለበጠ ጀልባ መልሶ ማቅናት ነበር። ሀያትም ከሸራው ማዶ ሆና እየሳቀች ነበር። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው እዚያ የነበረው።

«ሀያት!» ብዬ ገባሁ። ከነጫማዬ፣ ከነኮቴ፣ ክንዴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ፌስታል እንኳ ሳልጥል። ዋና አልችልም። እኔ ያደግሁበት አገር ወንዝ በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ትንሽ እንደሄድኩ ጭቃው አንድ ጫማዬን ያዘው፤ እግሬን መንጭቄ ስራመድ የምረግጠው መሬት አጣሁ። ውሃው ራሴ ላይ ተዘጋ።

ብቅ ስል ሀያት አጠገቤ ደርሳለች። ድምፄን ሰምታ ነው። «አባ፣ አትያዘኝ! በጀርባህ ተንጋለል!» አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ ወላሂ በደንብ ሰምቻታለሁ። እኔ ግን አንገቷን በሁለት እጄ አነቅሁና ተጫንኳት። ላይፍ ጃኬቱም ሁለታችንን አልቻለም፤ ራሷ ውሃ ውስጥ ገባ። ከክንዴ ሥር ሻሿን አየሁት። እሷ መሆኗን እያወቅሁ አልለቀቅኋትም። እኔ እንድተነፍስ ልጄን ወደ ታች ይዣት ነበር።

ኮቹ ከኋላ መጥቶ ጣቶቼን አላቀቃቸውና ጎትቶ አወጣኝ። ሀያትን ጓደኛዋ ይዛት ወጣች። ዳር ላይ ሁለታችንም ስንስል አንዱ ልጅ «ኮች፣ ይሄም የሥልጠናው አካል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹ «አብሽሩ አባባ፣ አብሽሩ» እያሉ ጀርባዬን ያሻሉ።

ነፍሴ ስትመለስ አላህን አመስግኜ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ። በአንድ እግር ጫማ ቆሜ፣ ከኮቴ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ «ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ወደ ቤት!» አልኳት።

ሀያት ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ አባ። ግን ከሁለታችን ቤት መሄድ ያለበት ማን ነው?»

ሥልጠናዋን ብታቋርጥ ጋዜጣዋም ሞራሏም አብሮ እንደሚቀር ፊቷ ላይ አይቻለሁ። ፌስታሉን ሰጠኋት። ሹራቡን ጨምቃ ድንጋይ ላይ አሰጣችው።

ሄድኩ። ኮቹ ያዋሰኝ ሱሪ ቅልጥሜ ላይ አለቀ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ከሱሪው እስከ ባዶ እግሬ አየኝና ሒሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ፤ ምን ብሎ እንዳሰበኝ አላህ ይወቅ። ከድጃ በር ስትከፍት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ኦቨርታይሙ እንዴት ነበር?»

ወላሂ ብዬ ስላፈረስኩ የመሐላዬን ሦስት ቀን ጾምኩ። ያለ ረመዳን ለምን እንደምጾም ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ ነው ታሪኩ የወጣው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ» አሉና ካፒቴን ብለው ሰየሙኝ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ሀያት ስልኳን ደግና ፊቴ ተቀመጠች። ለጋዜጣዋ ቃለ መጠይቅ ልታደርገኝ ነው። አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ «ስምዎን ከነአባትዎ ቢነግሩን» አለች። ነገርኳት። «ዋና ይችላሉ?» «አልችልም።» «ታዲያ ለምን ገቡ?» «አለመቻሌ ትዝ ያለኝ ከገባሁ በኋላ ነው።» እየሳቀች ቀጠለች። «በመጨረሻ ለወላጆች ማስተላለፍ የሚፈልጉት መልዕክት ካለዎት?»

አንድ ቀልድ ላወራ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሀያት፣ ያኔ አንገትሽን ስጫን አንቺ መሆንሽን አውቄ ነበር። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።»

መቅጃውን አጠፋችው።

«ይሄ አይጻፍም» አለች።

«ጋዜጠኛ የሆነውን አይደል እንዴ የሚጽፍ?»

«አባ፣ የሚሰምጥ ሰው የመጣለትን ይይዛል። ኮች የዚያን ዕለት ጠዋት አስተምሮን ነበር። እንደምትይዘኝ አውቄ ነው የመጣሁት።»

እኔ ተነስቼ ለሶላት ውዱእ ለማድረግ ወጣሁ፤ ደጅ ቆሜ ግን ብዙ አለቀስኩ።

ጋዜጣው ተለጠፈ። ስሜ ከነአባቴ አለበት፣ ሸንበቆው አለበት፣ አጭሩ ሱሪም አለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ በወላጆች ስብሰባ ቀን እኔም ከሰሌዳው ፊት ቆሜ አብሬ ሳቅሁ። ስለ አንገቷ ግን አንድ መስመር የለም።

ዘንድሮም ልትሄድ ነው። ፈርሜላታለሁ፤ ለመማል ግን ፈራሁ፣ ከድጃ ዋስ ሆናልኛለች። ሀያት ያልጻፈችውን ደግሞ ይኸው እኔ ጻፍኩት። ስታነበው እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ትቆጣ።